ጉቶ ቀጠና

ባርዱር ዛፍ አያውቅም።
በሱ ደሴት ነፋስ እንጂ ዛፍ አይበቅልም።
«ቀጠናህን ጉቶ ላደርገው ነው» ስለው ሳቀብኝ፣
«ዛፍ ሳንሆን ማን ቆረጠን?» አለኝ።

እኔ ቶርሻቭን ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሌሊት፣
የቀዘቀዘ ሻይ፣ ሁለት ስክሪን ፊት ለፊት።
እሱ ወደቡ ዳር፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት፣
ላፕቶፑን የዓሣ ሣጥን ላይ አስቀምጦ
ካረጀ ራውተር ጋር ተፋጦ።

ትንፋሹ አጭር ነው፤ የዓለምን መንገድ ሁሉ
በቃልህ ያዝ ተብሎ ተፈርዶበት፣
ሩቅ አገር አንድ መስመር በታጠፈ ቁጥር
እዚህ ላብ ያጠምቀዋል ቀን ከሌት።
ለምን? ከደሴቷ መውጫው ከባሕር ሥር
አንድ ገመድ ብቻ ነው።
በሩ አንድ ለሆነ ቤት
የከተማው ካርታ ምን ሊረባው?

ቆረጥኩ።
የውጭ መንገድ ወሬ ድንበር ላይ ይቅር፣
በምትኩ አንዲት ቃል ትግባ፦
የማታውቀውን ሁሉ ወደ እኔ ስደድ።

ራውተር ግን ሰላምታ ሳይለዋወጥ ጎረቤት የለውም።
በየአሥር ሴኮንዱ፣ «አለህ?» «አለሁ።»
በሰላምታው መሐል ደግሞ አንዲት ነጥብ አለች፣
«ያለንበት ቦታ ምን ዓይነት ነው?» የምትል፤
ሁለቱ ባንድ ቃል ካልመለሷት
ድምፁ ይሰማል፣ ጉርብትናው ይቀራል።

ይህን አውቃለሁ። ለሌሎች አስተምሬዋለሁ።
ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ
እጄ ቀደመኝ፤ በእኔ ወገን ብቻ ጽፌ ተጫንኩ።

ጎረቤት የለም፣ አለ ስክሪኑ።
ስልክ ደወልኩ፤
ስልኩም የሚሄደው በዚያው ገመድ ነው።

አርባ ሁለት ነፍስ፣
አንድ የመድኃኒት ፍሪጅ፣
የነገ ጀልባ መምጫ ሰዓት፣
ሁሉም ከአንዲት ቃሌ ማዶ ቀሩ።

ባርዱር ግን የባሕር ልጅ ነው፣ ዝምታ ማንበብ ያውቃል።
ቀን የነገርኩትን ትእዛዝ በእርሳስ
የሣጥኑ ክዳን ላይ ጽፎት ነበር፦
«ስንጠፋፋ፣ ይህን።»
ጠፋፋን። መታው።

መጀመሪያ አንዲት «አለሁ»፣
ቀጥሎ «አየኸኝ?» «አየሁህ»፣
ከዚያ ማን ይቅደም የሚል ትንሽ ክርክር፣
ከዚያ ካርታ በካርታ፣
ከዚያ፦ ሙሉ።

ስልኩ ጮኸ። «ጉቶ ሆንን» አለ።
አራት መቶው መስመር አሥራ አንድ ሆኗል፣
ራውተሩም ጭነት እንደወረደለት በቅሎ ዝም ብሏል።
የመጨረሻዋን አነበበልኝ፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤
ሌላው ሁሉ በዚህ።
«እናቴም እንዲህ ነበረች» አለ፣ «ከደሴት ወጥታ አታውቅም፤
ስለየትም አገር ብትጠይቃት፣ ጀልባ ነጂው ያውቃል ትል ነበር።
ተሳስታም አታውቅ።»

ሲነጋ ማርዩን ደወለች፣ የሳልሞን እርባታዋ ጨንቋት፦
«በሰማይ የራሴ መንገድ ነበረኝ፣ በሳተላይት።
ዓሦቼን ከቶርሻቭን የሚጠብቅልኝ ሰው
ዛሬ አላያቸውም ይላል።
ደሴቷን ጉቶ ስታደርጉ
የእኔን ቅርንጫፍ አብራችሁ ቆረጣችሁት።»

እውነቷን ነው። ጉቶ የውጭ ወሬ አይሰማም፣ አያወራምም።
ሌላ ዓይነት ቀጠና ግን አለ፣ ስሙ የሚያስቅ፣
«እምብዛም ጉቶ ያልሆነ»።
ቡቃያ ያበቀለ ጉቶ በሉት፤
የማርዩን መንገድ ሰባት ቁጥር ለብሶ ይነሣል፣
ድንበር ላይ አምስት ይቀይራል፣
እንደማንኛውም እንግዳ ያልፋል።

በሁለተኛው ሌሊት በስልክ አብረን ቆጠርን፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ባንድ ትንፋሽ ተጫንን።
ማርዩን ታየች።
ባርዱር ግን ዝም አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣
«ቶርሻቭን አለች፤ ከቶርሻቭን ወዲያ ምንም።
ጀልባ ነጂው የለም።»
ረስቼው! በዚህኛው ቀጠና
ያች የመጨረሻ መስመር ሳትጠራ አትመጣም።
ጠራኋት።

«አንቺስ?» አለኝ ሊዘጋ ሲል፣
«የማታውቂውን ወደ ማን ትሰጃለሽ?»
ያለሁት ዜሮ ቀጠና ነው፣ አከርካሪው ላይ፤
ጉቶ መሆን ለእርሱ አይፈቀድም።
የስክሪኑን መስመሮች ቁልቁል ሄድኩ፣
ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ሦስት፤
ሻዩን አንሥቼ ጠጣሁት፣ እንደቀዘቀዘ።